ባለስድስት ወንበሯ ጀልባ

ቅርርጭ፣ ቅርርጭ፣ ቅርርጭ…

ዛሬም ዐይኔን ስጨፍን ከሩቅ ዘመን የሚመጣልኝ ድምፅ ይህ ነው፤ የአጎቴ ትልቅ መቀስ ወፍራሙን ጨርቅ እየበላ በእንጨቱ ጠረጴዛ ላይ ሲጓዝ የሚያሰማው ድምፅ። ድምፁን ተከትሎ የማስቲሽ ሽታ ይመጣል፤ ከሽታውም ቀጥሎ በየጥጉ የተከመረው ስፖንጅ፣ በየግድግዳው የተንጠለጠለው የወንበር አጥንት፣ በመስኮቱ የሚገባው የሐይቅ ነፋስ። አጎቴና ሚስታቸው የሶፋና የመኪና ወንበር የሚያለብሱ ባለሙያዎች ነበሩ። አጎቴን «ጋሼ»፣ ሚስታቸውን «እትዬ» እያልሁ ነው ያደግሁት። ጋሼ ይቆርጣሉ፤ እትዬ ይሰፋሉ። ደንበኞቻቸው ግን ጋሼን «ባለመቀሱ» ይሏቸው ነበር።

መቀሱ እንዲያው በዘፈቀደ አይነሣም፤ ሕግ ነበረው። ጋሼ ጨርቁን ዘርግተው በጠመኔ ካሰመሩ በኋላ መቀሱን ይዘው ይቆማሉ። እትዬ ከስፌት መኪናቸው ተነሥተው ይመጡና መዳፋቸውን ጨርቁ ላይ ያሳርፋሉ። አንድ ጊዜ ሽቅብ፣ አንድ ጊዜ ቁልቁል ይዳብሱታል። ከዚያ «ቁረጥ» ይላሉ። ይህች ቃል ሳትወጣ ጋሼ አንዲት ስንዝር እንኳ አይቆርጡም። ሕጉ የወጣው በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ነው ይባላል። ጋሼ ቸኩለው የአንዲት ደንበኛን ባለአበባ ጨርቅ ገልብጠው ይቆርጡትና ሶፋው ሲያልቅ አበቦቹ ሁሉ ቁልቁል ተዘቅዝቀው ይገኛሉ። ሴትዮዋም አየት አድርጋ፣ «ምን አጥፍተው ነው የተሰቀሉት?» አለች አሉ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በዚያ ቤት ማንም ሰው ሲወጣ «ደኅና ዋሉ» አይልም፤ «መጣሁ» ነው የሚለው። ጋሼ ከሱቅ ክር ሊገዙ ሲወጡ «መጣሁ»፤ ስፖንጅ ሊያመጡ ሌላ ከተማ ሄደው ሊያድሩም ሲሆን «መጣሁ»። እትዬ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ «ና» ይላሉ። ሌላ ስንብት አልነበራቸውም። እትዬ፣ «ደኅና ዋሉ የሚባለው ለእንግዳ ነው፤ የቤት ሰው ይመጣል እንጂ አይሄድም» ሲሉ እሰማቸዋለሁ።

ከተማችን ሐይቅ ዳር ስለሆነች ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች ለመዝናኛ የሚሆን የሞተር ጀልባ ነበራቸው። ፀሐይና ውሃ ተባብረው የበሉትን ወንበር እየነቀሉ ወደ ጋሼ ያመጡታል። ሥራው ሲያልቅ ታዲያ ጋሼ ወንበሩን ወለሉ መካከል ያስቀምጡትና ይቀመጡበታል፤ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ ያወጡታል። ልጃቸውና እኔ እኩያሞች ነበርን። እሱ የድስት ክዳን እንደ መሪ ይጨብጣል፤ እኔ ደግሞ በስተኋላ ሆኜ በአፌ ሞተር እሆናለሁ።

«ማዕበል መጣ! ያዝ መሪውን!» ይላሉ ጋሼ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ።

«ቀስ በሉ፣ ወለሌን እንዳታሰጥሙት!» ይላሉ እትዬ።

«አባዬ፣ የኛ ጀልባ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ስታድግ። አንተ ትነዳለህ፤ እኔ ከኋላህ ጋደም ብዬ እንቅልፌን እለጥጣለሁ።»

ያን ሁሉ የጀልባ ወንበር ሲያለብሱ ኖረው፣ ጋሼ አንዲት ቀን እንኳ ውሃ ላይ ተንሳፍፈው አያውቁም ነበር።

ልጁ አደገ። ጋሼ አንድ ቀን ጠረጴዛው አጠገብ አቆሙትና መቀሱን በሁለት እጃቸው ዘረጉለት። መቀሱ የአባታቸው ነበር። ልጁም መቀሱን አየ፤ በስፖንጅ ብናኝ የነጣውን የአባቱን ቅንድብም አየና፣ «እኔ ዕድሜ ልኬን የሰው መቀመጫ ስሰፋ አልኖርም» አለ። ምናልባት በሌላ ቀን ቢሆን ያስቃቸው ነበር። በዚያን ቀን ግን ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እንግዲያ ቆመህ ኑር!» አሉት።

ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ያች ቃል ከወጣች በኋላ የመለሳት ሰው አልነበረም። ልጁ ጃኬቱን ከምስማሩ ላይ አንሥቶ ወጣ። «መጣሁ» አላለም። «ና» ሊሉ የተዘጋጁት እትዬ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት አለፈ። ልጁ ሩቅ ከተማ ሄዶ ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ ሁለት ልጆች ወለደ። እናቱን በእኔ ስልክ ያነጋግራል። የአባቱን ነገር አያነሣም። ጋሼም የልጃቸውን ስም አይጠሩም ነበር፤ «ልጄ» የምትለውን ቃልም ከአፋቸው አውጥተዋት አያውቁም። የልጅ ልጆቻቸውን ያዩት በፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ያንንም እትዬ ሆን ብለው የስፌት መኪናው ላይ ረስተው ሲሄዱ።

በመጨረሻ የጋሼ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለባለመቀስ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ እጅ ምን እንደሆነ አይነገርም። የሥራ ቤቱን ለሌላ ባለሙያ ሸጡትና ገዢው እስከ ወር መጨረሻ ጊዜ ሰጣቸው። ባልና ሚስት በእርጅናቸው ምን ሊያደርጉ ይሆን ብለን ስንጠብቅ፣ ጋሼ አንድ ጧት እኔ ቤት መጡና፣ «ሾፌሬ፣ ፒክአፕህን አስነሣ፤ ጀልባ ልናይ ነው» አሉኝ።

በጀልባ ማቆሚያው ያገለገሉ ጀልባዎችን የሚያሻሽጥ አንድ ሰው ነበር። ሰዉ ሁሉ «ማር ምላሱ» ይለዋል። ሁለት ጀልባዎች አሳየን። አንደኛዋ ትንሽ ናት፤ አረንጓዴ ቀለሟ በስተጎን ተፋፍቋል፤ ከፊት ሁለት ወንበር፣ ከኋላ አንድ አግዳሚ፣ ጅራቷ ላይ የተንጠለጠለች አነስተኛ ሞተር። የእኔ ፒክአፕ ጎትቶ ሊወስዳት ይችላል፤ ማደሪያዋም የቤታቸው ግቢ ይሆናል። ሁለተኛዋ ነጭና ትልቅ ነበረች፤ በስተፊት አልጋ የሚያስገባ ጓዳ፣ በስተኋላ በቆሙበት አንድ እግር ላይ ዙሪያውን የሚሽከረከሩ ስድስት ወንበሮች። እሷን የሚጎትት መኪና እኛ ዘንድ የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ቦታ ተከራይታ ውሃ ዳር መቆም አለባት።

«ጋሼ፣ ይቺ እርስዎን አይደለም አማቶችዎን ከነጎረቤቶቻቸው ትይዛለች» አለ ማር ምላሱ።

«አማቶቼ በሕይወት የሉም።»

«እንግዲያማ ቦታ ተረፈ!»

እትዬ ጫማቸውን አውልቀው ትልቋ ላይ ወጡና በልማዳቸው አንዱን ወንበር በመዳፋቸው ተጫኑት። «ስፖንጁ ሞቷል፤ ልብሱም ሊቀደድ ነው» አሉ።

«ሐኪሞቹ እኛ አይደለንም እንዴ?» አሉ ጋሼ። «እሱን ለኔ ተይው። ሥራ ቤቱን ሳናስረክብ ስድስቱንም አዲስ አለብሳቸዋለሁ።»

ከዚያ በየተራ ሁለቱንም ውሃ ላይ ሞከርናቸው። መጀመሪያ ትንሿን ነበር። ማር ምላሱ መሪውን ለጋሼ ለቀቀላቸው። ጀልባዋ ውሃውን እየመታች ስትዘል ፍንጣሪው ፊታችንን አጠበው፤ የእትዬ ሻሽ ራሰ። እትዬ እንደዚያ ሲስቁ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው! አግዳሚው ላይ እኔ አጠገብ ተጠግተው ተቀምጠው፣ «ይቺ እንደ ፍየል ናት፤ ትዘላለች» አሉኝ።

ቀጥሎ ትልቋ። እሷ አትዘልም፤ ታዛጋለች ብል ይቀለኛል። ሞተሯ ከሆዷ ውስጥ ያጉረመርማል። ጋሼ መሪው ጋ ተቀመጡ፣ እትዬ ከጎናቸው፣ እኔና ማር ምላሱ ከኋላ ቆመናል። ማዕበሉ ጎኗን በነካት ቁጥር የቀሩት ባዶ ወንበሮች እየተንሲጠሲጡ በራሳቸው ይዞራሉ፤ አንዱ ወደ ውሃው ሲዞር፣ ሌላው ወደ እትዬ ይዞራል። እትዬ ለአንድ አፍታ አዩአቸውና ከዚያ ወዲያ ዐይናቸውን ከጉልበታቸው ላይ አላነሡም።

ልንቆም ስንል ማር ምላሱ ማቆሚያው ላይ ዘሎ ወርዶ ገመዱን ለጋሼ ወረወረላቸው። የጋሼ እጅ ገመዱን ይዞ ማቆየት አቃተው፤ ጀልባዋ ወደ ማቆሚያው ግንብ ስትንሸራተት እኔ ዘልዬ ያዝሁት።

«ለዚች እንኳ ሁለት ጎልማሳ ሳያስፈልጋት አይቀርም» አለ ማር ምላሱ፤ አንድ ጊዜ እውነት አመለጠው።

«ልጄ አለ» አሉ ጋሼ።

እትዬና እኔ ተያየን። ያች ቃል ያን ሁሉ ዓመት የት ተቀምጣ እንደ ነበረች እግዜር ይወቅ። ጋሼ ግን ምንም እንዳልተናገሩ ሁሉ የትልቋን ጎን እንደ ከብት መታ መታ እያደረጉ፣ «ሲመጣ እሱ ይነዳታል። ስድስት ወንበር፤ ለሁላችን ይበቃል» አሉ። ሰኞ ገንዘቡን ሊከፍሉ ከማር ምላሱ ጋር ተጨባበጡ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጋሼ ጀልባ እየገዙ አልነበረም። «ቆመህ ኑር» ላሉት ልጅ መቀመጫ እየገዙለት ነበር።

ቅዳሜ እንደ ልማዳችን እትዬን ይዤ ዳቦ ቤቱ አጠገብ መኪናዬን አቆምሁና ስልኬን ሰጠኋቸው። እትዬ ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርጌ ነው የምሰጣቸው፤ ስለዚህ የሚባለውን ሁሉ ሳልወድ እሰማለሁ።

«አባትህ ጀልባ ሊገዛ ነው» አሉት። «ስድስት ወንበር ያላት። ያንተ፣ የሚስትህ፣ የልጆችህ ወንበር አለ። ‹ልጄ አለ› አለ፣ በገዛ አፉ! ክረምቱ ሲወጣ ብቅ በልለት፤ አንድ ቀን ብቻ።»

 ከወዲያ በኩል የሕፃን ሣቅ ይሰማል።

«እማዬ፣ በኔ ስም ጀልባ አይግዛ» አለ። «አልመጣም። ተቆጥቼ እንዳይመስልሽ፤ ቁጣውስ አልፏል። ቆሜ መኖር ለምጃለሁ።»

እትዬ ስልኩን መለሱልኝ። ዳቦ መግዛቱን ረስተውት ተመለስን። መንገድ ላይም፣ «ትልቋን እንዳይገዛ አድርገው» አሉኝ።

«በምን ምክንያት ልበላቸው?»

«በሌላ ምክንያት።»

ማታውኑ በሌላ ምክንያት ሞከርሁ። ትልቋ ነዳጅ እንደ ውሃ ትጠጣለች አልኋቸው። የማቆሚያው ኪራይ አለ አልሁ። በእርጅና ለሁለት ሰው ትንሿ ትበቃለች፣ መጎተቱንም እኔ አለሁበት አልሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ዋናውን ነገር ዘልዬ በዳር በዳሩ ስሄድ ጋሼ በትዕግሥት አዳመጡኝና ትከሻዬን መታ አደረጉ።

«ሾፌሬ፣ አንተ ጎበዝ ልጅ ነህ» አሉ፤ «ግን ልጅ ያለው ሰው በሁለት ወንበር አይሳፈርም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የራሱን ጆሮ ማየት የሚችል ሰው የለም። ልጁ እንደማይመለስ ሰፈሩ ሁሉ ከገመተ ቆይቷል፤ ያላዩት ጋሼ ብቻ ነበሩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬንና እኔን የቀረውን ዕቃ እንጫን ብለው ወደ ሥራ ቤቱ ጠሩን። ቤቱ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ የስፌት መኪናውና ጠረጴዛው ብቻ ቀርተዋል። በሩን ስንከፍት መጀመሪያ የመጣልን ያ የድሮው ድምፅ ነበር። ቅርርጭ፣ ቅርርጭ፣ ከዚያም ቀጥ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ድምፁ እንደ ቀድሞው አይሄድም፤ ይንተባተባል።

እትዬ ደፍ ላይ ቆሙ። ጠረጴዛው ላይ ከመጨረሻው ጥቅል የተቆረጠ ሰማያዊ ሰው ሠራሽ ቆዳ በየተራ ተነባብሯል። ስድስት መቀመጫ። ጫፎቹ እንደ ቀድሞው አልቀኑም፤ አይጥ እንደ በላው ተቦጫጭቀዋል።

«ማን ‹ቁረጥ› አለህ?» አሉ እትዬ።

ጋሼ እንደ ጥፋተኛ ሕፃን ፈገግ አሉ። «ላስደንቅሽ ብዬ ነው። ነይ እይው፣ ውሃ አያስገባም። ይኸው ያንቺ፤ ይኸው የኔ። ይቺ የሚስቱ። እነዚህ ሁለቱ አነስ ያሉት የልጆቹ ናቸው፤ እግራቸው እንዳይንጠለጠል ዝቅ አድርጌ ነው የምሠራቸው። ይቺ ደግሞ…» ስድስተኛዋን አንሥተው በመዳፋቸው አሹአት። «ይቺን ስፖንጅ ደርቤ ነው የምሠራት። መንዳት ወገብ ይፈጃል።»

ዕቃ የማነሣ መስዬ ጥግ ወዳለው ባዶ ሣጥን ዞርሁ። እትዬ ጠረጴዛውን ዞረው ሄዱና ከጋሼ ፊት ለፊት ቆሙ።

«ስማኝ» አሉ። «ልጁ አይመጣም።»

«ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ ነዋ። ጀልባ እንደሁ አይገማም።»

«ለከርሞም አይመጣም። ትናንት ነግሮኛል።»

«ምን አለሽ?»

«እሱን ተወው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን አለሽ? ልክ እሱ እንዳለው ንገሪኝ።»

እትዬ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወደ ወለሉ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጨርቅ ሲለኩ በሚናገሩበት ድምፅ፣ «‹ቆሜ መኖር ለምጃለሁ› አለ» አሉ።

 ጋሼ ያን ስድስተኛውን ቁራጭ እንደያዙ ነበር። መጀመሪያ ወዲያ ሊያኖሩት ፈለጉና መልሰው ያዙት። የሐይቁ ነፋስ መስኮቱን ገፋ አድርጎ ገብቶ የጠመኔውን ብናኝ አነሣው።

«እሷን ቃል እኮ በማግሥቱ ልመልሳት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሲመጣ እመልሳታለሁ ብዬ ነው። ይመጣል ብዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ ‹መጣሁ› ሳይል ወጣ።»

«አውቃለሁ፤ እዚሁ ነበርኩ።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ሾፌሬ፣ ለማር ምላሱ ደውልለት። ትልቋ ትቅርብኝ በለው።»

«እሺ ጋሼ።»

 ተቆርጠው የተደረደሩት ስድስቱ ቁራጮች ለሌላ ነገር አይሆኑም፤ የተቆረጠ ጨርቅ ቢቀጥሉት ጠባሳው ይታያል። ከጥቅሉ ግን አንድ ረዘም ያለ ቅሪት ተርፎ ነበር። እትዬ ቅሪቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ ጠመኔውን አንሥተው፣ ያ ሥራ የጋሼ ሆኖ ሳለ፣ ራሳቸው አሰመሩ። መስመሩ ጠባብና ረጅም ነበር። የትንሿ ጀልባ አግዳሚ መሆኑን ሁለታችንም ዐወቅን።

«ባዶ ወንበር ያፈጥብሃል» አሉ እትዬ። «አግዳሚ አያፈጥም። ሁለት ሰው ቢቀመጥበትም ሞላ ነው፤ ሌላ ሰው ከመጣ ደግሞ ጠጋ ይባላል። ፍየሏን እንግዛና አንተ ንዳኝ።»

 እትዬ መዳፋቸውን ጨርቁ ላይ አሳረፉ። አንድ ጊዜ ሽቅብ፣ አንድ ጊዜ ቁልቁል ዳበሱት። ቀና ብለው የባላቸውን ዐይን ፈለጉ።

«ቁረጥ» አሉ።

ጋሼ መቀሱን አነሡ። የመቀሱ አፍ ተከፍቶ ከጠመኔው መስመር ላይ ደረሰ፤ እጃቸው ግን ሲንቀጠቀጥ ብረቱ ጠረጴዛውን ኳኳ አደረገው። ቆሙ። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ያች ቃል ከወጣች በኋላ ሳይቆርጡ ሲቀሩ አይቼ አላውቅም። መቀሱን ቀስ ብለው ዘጉትና ቅሪቱ ላይ አጋደሙት። ስድስተኛውን ቁራጭ አጥፈው በብብታቸው ሸጎጡ፤ ጃኬታቸውን ከምስማሩ ላይ አንሥተው በአንድ እጅጌ ብቻ ለበሱት፤ ሌላው እጅጌ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እትዬ መዳፋቸውን ከጨርቁ ላይ ሳያነሡ በሩን እያዩ ጠበቁ። አፋቸው «ና» ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር።

ጋሼ ደፉን ተሻግረው፣ ልጃቸው በዚያን ቀን እንዳደረገው፣ «መጣሁ» ሳይሉ ወጡ።